በመኪና የመጣ መርዶ

ሰውዬውን በስሙ አልጠራውም። ስሙን በየአዳራሹ በተሰቀለ ጨርቅ ላይ አስጽፎ ጠግቧል፤ ከእኔ የሚጨመርለት የለም። ዳባት በአንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ አለቃዬ ነበር። አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። እኔ ደባርቅ፣ ልጄ በሠራችልኝ ሁለት ክፍል ቤት፣ ነፋሱን እየተራገምኩ እኖራለሁ። እሱ ትልቅ ከተማ ተቀምጦ «አማካሪ» ይባላል።

በመሥሪያ ቤታችን ዘመን የእሱ እንጀራ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚባል ነገር ነበር። ገበሬውን ከእርሻው እየጠራ ይህን ተው፣ ያንን ተው ይላል። እንጥል አታስቆርጡ ማለቱ ደግ ነበር፤ ልጅ አትዳሩ ማለቱም ደግ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ሰውዬው አንዴ «ተዉ» ማለት ከጀመረ በኋላ ማቆሚያ አጣ። ወጌሻ ተዉ አለ። ለቅሶ ላይ ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት ተዉ አለ። በመጨረሻ ሙሾ ተዉ አለ። ፊት መንጨት ቁስል ያመጣል፤ ሙሾ ምን እንደሚያቆስል ግን እስከ ዛሬ አልነገረንም።

እናቴ አልቃሽ ነበረች። በዳባት ዙሪያ ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክላት ነበር። ለቅሶው ላይ ስትደርስ ወዲያው አትጮህም። ከሴቶቹ ጥግ ትቀመጥና ስለ ሟቹ ትጠይቃለች፤ የት ያርስ ነበር፣ በሬው ማን ይባላል፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሞተ፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ። ከዚያ ትነሳና ሁለት ስንኝ ትወረውራለች። እንደ ድንጋይ ደርቆ የተቀመጠው ልጅ፣ ወይም ሚስት፣ ያን ጊዜ ይፈርሳል። የእኛ ሰዎች ያልወጣ እንባ ሆድ ገብቶ ውጋት ይሆናል ይላሉ። እናቴ ውጋት ከመሆኑ በፊት ታወጣው ነበር።

ሰውዬው አንድ ቀን በስብሰባ መሀል አስነሳት። እኔ ከፊት ወንበር፣ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጫለሁ።

«እስቲ ተነሺ» አላት። «ሰው ሲሞት አንቺ ምን ታገኛለሽ?»

ሰዉ ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ የአባቶቻቸውን ሙሾ እናቴ ያወረደችላቸው ነበሩ።

«ንፍሮ ነዋ፣ ጌታው» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ለአንቱ ግን ጥሬውንም ቢሰጡኝ እመጣለሁ።»

በእሱ ጥያቄ የሳቁት በእሷ መልስ አልሳቁም። ሰውዬው እያያቸው ነበራ። ማን ማን እንደነበሩ አውቃለሁ። ከእነሱ ቤት ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም፤ ሄጄም አፌን ከፍቼ አላውቅም።

ሰውዬው ያቺን መልስ አልረሳላትም። እናቴ ስትሞት ኮቱን ለብሶ ቀብር መጣና የዕድሩን ሽማግሎች ወደ ጎን ጠራቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ አርአያ መሆን አለበት፣ ሙሾ አይወረድም አላቸው። እነሱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ጺማቸው እስከ ደረታቸው የሚደርስ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። አገሩን ሁሉ ያስለቀሰች ሴት ያለ አንዲት ስንኝ አፈር ገባች። እኔ ያን ዕለት የሆንኩትን አልጽፍም፤ ለአንባቢም አይገባውም።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ፤ የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ጎረቤቴ ከፓርኩ ውስጥ ተነስተው ደባርቅ ከሰፈሩት ሰዎች አንዷ ናት። ከገብስ በቀር ብዙ ነገር በማይበቅልበት ደጋ፣ ጭላዳ አዝመራዋን እየነቀለባት፣ እሷም በወንጭፍ እያባረረችው የኖረች ሴት ናት። ለዱር አራዊት ሲባል ውረዱ ተባሉ፤ ወረዱ። ከተማ አትወድም። እኔንም መጀመሪያ አልወደደችኝም፤ እኔም አልወደድኳትም። በዚህ ተግባባን። ከባሏ ሞት በኋላ የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ እሱም ጦርነቱ ሲመጣ ዘመተ። ጦርነቱ አለቀ ሲባል የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ ተመለሰ፤ የእሷ አልተመለሰም። አልሞተም ብላም አልተከራከረችም፣ ሞቷል ብላም አላለቀሰችም። ዝም ብላ ትጠብቅ ነበር።

አንድ ረቡዕ ቀን ወንድሟ ደወለልኝ። ወንድሟ ከሊማሊሞ ወዲያ፣ ከአዲአርቃይ በታች ቆላ የሚያርስ ሰው ነው።

«እትየ» አለኝ፣ «ልጁ አርፏል። አብሮት የነበረው፣ በእጁ የቀበረው ልጅ እዚሁ አጠገቤ ነው።»

«እግዜር ያጥናህ» አልኩት።

«እህቶቿን ከያሉበት ላሰባስብ ነው። እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንደርሳለን። አደራ፣ እስከዚያ እንዳትሰማ።»

መርዶ እንዲህ ነው። ሰው የልጁን ሞት ብቻውን ቆሞ አይሰማም። ሥጋው የሆነ ሰው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ አስከትሎ ይመጣና ይነግረዋል። ጉልበቱ ሲከዳው የሚይዘው ክንድ ከግራም ከቀኝም መኖር አለበት። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ይህን ደግሞ ማንም አያፈርስም፤ ጠላትም ቢሆን።

ሰፈራችን ግን ምስጢር መያዝ አይችልበትም። ወንድሟ ለእኔ ብቻ የነገረኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሐሙስ ጠዋት ያልሰማ አልነበረም። ከዓመት በላይ ሰላም ያላሏት ሴቶች ሽሮ ይዘው መጡ። አንዷ ውኃ ልቅዳልሽ አለቻት። ሌላዋ እጇን ይዛ፣ ዓይኗን አቅርራ፣ «ደኅና ነሽ ግን? ደኅና ነሽ?» ትላታለች። ደግነት ያልለመደበት ሰው ሲሞክረው እንዲህ ያስቀይማል።

«እትየ» አለችኝ በአጥሩ ላይ፣ «ሰፈሩ ዛሬ ምን ሆኗል? ሰዉ ሁሉ ደግ ሆነብኝ።»

«ጾም ሊገባ ስለሆነ ነው» አልኳት።

«አይበረክትማ» አለች።

በዚያው ሐሙስ የድሮ አለቃዬ ደባርቅ ነበር። ከቀናት በፊት በስልክ «እህቴ» ብሎ ጠርቶኝ ነበር፤ አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ እህቱ አልነበርኩም። አንድ ፕሮጀክት በጦርነቱ ሐዘን የደረሰባቸውን ሰዎች ለሚረዱ ወጣት ሠራተኞች ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ እሱ አሠልጣኙ ነው፤ እኔም እንድገኝ ይፈልጋል። ሄድኩ። የሄድኩት ላየው ነው።

አዳራሹ ፊት ለፊት «አገር በቀል ፈውስ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሰውዬው ማይክሮፎን ይዞ፣ አንገቱ ላይ ጥለት ያለው ፎጣ ጣል አድርጎ፣ «ሙሾ መድኃኒት ነው» ይላል። «ወላጆቻችን ያቆዩልን ሳይንስ ነው። ከውጭ የመጣ ምክር ብቻውን የእኛን ሰው አይፈውስም። መጀመሪያ ባህሉን ማወቅ!» ያው አፍ ነው። ጥርሱ ብቻ አዲስ ነው።

ከዚያ ስለ መርዶ አስተማረ። መርዶ ነጋሪው ዘመድ መሆን እንዳለበት፣ ሰዓቱ ጎሕ ሲቀድ እንደሆነ፣ ለምን ብቻ ለብቻ እንደማይነገር፣ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ልጆቹ ይጽፋሉ። ስሕተት ላገኝበት ጆሮዬን ቀስሬ ሰማሁት፤ አንድም አላገኘሁም። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«አሁን ደግሞ» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህታችን የእናቷን ሙሾ በጥቂቱ ታሰማናለች።»

«ማን ሞተ?» አልኩት።

ልጆቹ ሳቁ።

«ለምሳሌ ያህል ነው፣ እህቴ።»

«ለምሳሌ የሞተ ካለ ይነገረኝና አለቅሳለሁ።»

«ያው የድሮዋ ናት» አለ ለልጆቹ፣ እየሳቀ። አጨበጨቡ። ለምን እንዳጨበጨቡ አላውቅም፤ ማጨብጨብም የሥልጠናው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ጓሮ ምስር ስለቅም የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። በእኛ ሰፈር መኪና አይቆምም። ሰፌዴን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ፤ እግሬ እንደ ድሮው አይፈጥንም። ስደርስ ሰውዬው ከጎረቤቴ ደጃፍ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፤ ከኋላው ከሠልጣኞቹ አንዲት ቀጭን ልጅ። የቀበሌው ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። ልጁን ያጣ ማን አለ ብለው ጠይቀውታል፤ እሱም ቤቱን አሳይቷቸዋል። አልተነገራትም ለማለት አፉ ከብዶት ነው ወይስ ምሳ አስቦ፣ አልጠየቅኩትም።

ጎረቤቴ የቤቷን ግድግዳ በጭቃ እየለሰነች ነበር። እጇ እስከ ክንዷ ጭድና ጭቃ ነው።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ» አላት ሰውዬው፣ በዚያ በአዳራሹ ድምፅ። «የልጅዎን ነገር ሰምተን ነው የመጣነው። ብቻዎን አይደሉም።»

አጥሩን ይዤ ቀረሁ። ቃል አንዴ ከወጣ ወዴት ይመለሳል።

ጎረቤቴ አየችው። ኮቱን አየች፣ ፎጣውን አየች፣ መኪናውን አየች። ከዚያ በአጥሩ ላይ እኔን አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም፤ ግን አነበበች።

«ምን አሉ፣ ጌታው?»

ጆሮዋ የከበደ መሰለው። ጮኸ። «ልጅዎ ስለ ተሠዋ ነው፣ እናቴ፣ እግዜር ያጥናዎት—»

«አልሰማሁም» አለች።

«ልጅዎ—»

«አልሰማሁም አልኩዎት። የምሰማው ካለ ወንድም አለኝ።»

ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ከባልዲው ጭቃ አነሳችና ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እጇ ልስኑን አላዛነፈም። እኔ ያን እጅ እያየሁ ነበርና እመሰክራለሁ።

ቀጭኗ ልጅ እጅጌውን ጎተት አደረገችው። «ጋሼ፣ አልተነገራቸውም መሰለኝ። እንሂድ።»

እሱ ወደ እኔ መጣ። በአጥሩ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ሐኪም ለአስታማሚ እንደሚያወራው፣ «መካድ ይባላል» አለኝ። «የሐዘን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የሚጠበቅ ነው።»

«ትናንት ስለ መርዶ ያስተማረው ማን ነበር?» አልኩት። «ወንድምዎ ነው?»

ፊቱ ቀላ። «ቀበሌው አሳውቋቸዋል ብዬ ነው።»

«መርዶ ቀበሌ ያረዳል?»

«እህቴ፣ ስሜትሽን እረዳለሁ—»

«አይረዱም። አሁን ይሂዱ። ከዚህ ደጃፍ ሌላ ቃል ካወጡ በዚህ ሰፌድ ነው የምላችሁ፣ አንቱንም ቀበሌውንም።»

ሰዓቱን አየ። ዳባት የሚጎበኙት ሌላ ቤት አለ። ሄዱ። የመኪናው አቧራ ገና ያልደረቀው ልስን ላይ አረፈ፤ ጎረቤቴ በመዳፏ ደገመችው።

ወደ እሷ ልሂድ አልሂድ ብዬ ቆምኩ። ምን ልላት ነው? አልሰማሁም ካለች አልሰማችም። ሰምተሻል የሚላት ሰው እኔ አልሆንም። ሰፌዴን ይዤ ወደ ምስሬ ተመለስኩ።

የዚያን ቀንና የቅዳሜን ነገር ያላየ ሰው አያምነውም። ልስኑን ከፊት እስከ ጓሮ ጨረሰችው። ግቢዋን ጠረገች። የአልጋዋን ባና አውጥታ አራገፈች። ቅዳሜ ረፋድ በአጥሩ መጣችና «ትልቁን ድስትሽን አውሺኝ» አለችኝ።

«ለምንሽ?»

«ለምንም። ሰው ይመጣ ይሆናል።»

ሰጠኋት። በኋላ አየሁ፤ ከደጃፏ ተቀምጣ ባቄላና ስንዴ ትለቅማለች። የንፍሮ እህል ነው። የልጇን ለቅሶ ንፍሮ ራሷ ለቀመችው፣ ባልሰማችው ሞት። እኔ ከምስሬ ቀና አልልም፣ እሷ ከስንዴዋ ቀና አትልም። በመሀላችን አጥሩ ብቻ ነው።

ሴቶቹ ደግሞ አልተኙም። የመኪናው ወሬ ደርሷቸዋል፤ ሰማች አልሰማች የሚለውን በዓይናቸው ሊያረጋግጡ በየተራ ብቅ ይላሉ። እሷ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። አንዷ ገና ከሩቅ አፍንጫዋን መሳብ ጀመረች።

«ጉንፋንሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ» አልኳት።

«ኧረ እትየ፣ አሳዘነችኝ እኮ!»

«እሑድ እዘኚ። ዛሬ ሥራ የለሽም?»

ክፉ ነሽ አሉኝ። ድሮም ይሉኛል። በክፋቴ ደጃፉን ጠበቅሁ፤ እነሱ በደግነታቸው መርዶውን ሊያፈርሱት ነበር።

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎረቤቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እናትሽ አልቃሽ ነበረች ይላሉ» አለችኝ።

«ነበረች።»

«አንቺስ?»

«እኔ የቢሮ ሰው ነበርኩ።»

«ነገ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?» አለች።

«እሄዳለሁ።»

«አትሂጂ» አለች። ገባችና በሯን ዘጋች።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሊማሊሞን በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆነው ወጥተው ደረሱ። ወንድሟ ከፊት፣ እህቶቿ ከኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ቅዝቃዜው ለቆላ ሰው አይደለም፤ ጥርሳቸው ይፋጫል። ወንድሟ ጎኔ ቆሞ «ሰምታለች እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልሰማችም» አልኩት።

በሩ አልተቀረቀረም ነበር። እሳት ነዷል። ጎረቤቴ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው አቀማመጥ ነው። እህቶቿ ከግራና ከቀኝ ተጠጓት። ወንድሟ ፊት ለፊቷ ቆመ። ረጅም ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጣራው የከበደው ይመስል ጎብጦ ነበር።

«በርቺ፣ እህቴ» አላት። «የሰጠ ጌታ ወሰደ።»

«ማንን?» አለች።

ድምፁ እምቢ አለው። እሷ ጠበቀችው። እስኪችል ጠበቀችው።

«ልጅሽን» አለ።

ያን ጊዜ ጮኸች። ከዓርብ ጀምሮ ጥርሷ ሥር የያዘችው ጩኸት ነው፤ እህቶቿ ሁለቱም ይዘዋት አብረዋት ወደቁ። ሰፈሩ ተነሳ። ግቢው ሞላ። ከዚያ ግን፣ ከመጀመሪያው ጩኸት በኋላ፣ ደረቀች። ዓይኗ ክፍት ሆኖ፣ እንባ ሳይወጣት፣ ግድግዳውን ታያለች። ይህን አውቀዋለሁ፤ እናቴ የምትነሳው እዚህ ላይ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ሙሾ የሚያውቅ አልነበረም፤ ተዉ ተብለው ትተውታል።

ተነሳሁ። ድምፄ ሻካራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ተጠቅሜበት አላውቅም።

«ገብሱም አሸተልሽ፣ ክረምቱም ወጣልሽ፣
የላክሽው ልጅ ብቻ ሳይመጣ ቀረብሽ።»

ይህ የእናቴ ነው፤ ለሌላ እናት ያወረደችው። ቀጣዩን እዚያው ቆሜ ፈጠርኩት።

«ሁሉ ሰው ሲመለስ ሊማሊሞን ወጥቶ፣
የእኔ ልጅ ምን ነካው፣ ቀረሳ ተኝቶ።»

ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ፈረሰች። እስኪበቃት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። አልቃሽ አታለቅስም፤ ሥራ ላይ ናት።

ሰውዬው ለቅሶ አልደረሰም። ቀጭኗ ልጅ ግን በሰልስቱ ብቻዋን በባጃጅ መጣች፤ ለቅሶ ቤት ብስኩት ይዛ። ማን እንዳስተማራት እንጃ። ጥግ ላይ አስቀመጥኳት። ሰውዬው ጎንደር ሌላ ሥልጠና ላይ እንደሆነ፣ እዚያም የጎረቤቴን ነገር እንደ ምሳሌ እንደሚያነሳው በጆሮዬ ነገረችኝ። መካድ ላይ የነበረች እናት በቤት ለቤት ጉብኝት ታግዛ ወደ ባህሏ ሥርዓት ተመለሰች ይላል አሉ። ያጨበጭቡለታል።

«እና አንቺ ምን አልሽ?» አልኳት።

«ምንም፣ እማማ።»

«ጎበዝ» አልኳት። ምንም አለማለትን የሚያህል ነገር ከእነሱ ጠብቄ አላውቅም።

ያን ሰዓት ከአምባራስ የመጡ ዘመዶች ገቡ። አልቅሰው ሲቀመጡ፣ እንደ ወጉ፣ እንዴት እንደሰማች ጠየቁ። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለ። «ጨክኜ ነገርኳት። ከባዳ አፍ ብትሰማው ኖሮ ሆዷ ውስጥ ይቀር ነበር።»

ቀጭኗ ልጅ ቀና አለች። አየኋት፤ አቀረቀረች። ጎረቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወንድሟን ስታይ ቆየች።

«እውነቱን ነው» አለች። «ከእሱ ነው የሰማሁት።»